ቤቱን ሸጦ ባሕር ላይ ስለሚኖር ሰው

አንድ እሑድ ከቀትር በኋላ፥ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚባለው ከተማ ከቤቴ ተቀምጬ ሳለሁ፥ አንድ የረጅም ዘመን ወዳጄ ደብተር በብብቱ ይዞ መጣ። ይህ ሰው ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ በመኪና ማቆሚያ ሃያ ሰባት ዓመት ሠርቶ በጡረታ ያረፈ፥ ባለቤቱ የሞተችበት፥ ልጆቹም አንዱ ሲያትል አንዲቱ ዳላስ የሚኖሩ ሰው ነው። ቡናው እስኪፈላ እንኳ አልታገሠም። ደብተሩን ገልጦ ከፊቴ አኖረና፥ «ቤቴን ልሸጥ ነው፤ ከእንግዲህ ወዲያ ኑሮዬ መርከብ ላይ ነው» አለኝ።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እርሱ ግን አልሳቀም።

ወጣቶች አንባቢዎቼ ሆይ፥ ይህን የምጽፍላችሁ አንድን ሽማግሌ ለማማት አይደለም። ነገሩ የሽማግሎች ብቻ ቢሆን ኖሮ ከእርሱ ጋር በቡና ላይ ተከራክሬ እተወው ነበር። ዳሩ ግን ይኸው ሐሳብ በእናንተም ጆሮ እየገባ መሆኑን አውቃለሁ። ከ2022 ወዲህ (በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በብዙዎቹ የሽርሽር መርከቦች ላይ በሳተላይት የሚመጣ ፈጣን ኢንተርኔት ስለ ገባ፥ ሥራውን በኮምፒዩተር የሚሠራ ጎልማሳ ሁሉ «የቤት ኪራይ ከምከፍል ለምን ባሕር ላይ አልኖርም?» ማለት ጀምሯል። በስልካችሁም ላይ ሰማያዊ ውኃና ነጭ የጠረጴዛ ልብስ እያሳዩ «ከቤት ኪራይ ይረክሳል» የሚሏችሁ ሰዎች አሉ። እኔም ዛሬ የምሟገተው ከዚህች «ይረክሳል» ከምትባለው ቃል ጋር ነው።

ሙግት የሚያምረው የባላጋራን ቃል ሳያጎድሉ ከተናገሩ በኋላ ነውና አስቀድሜ የወዳጄን ሒሳብ ልንገራችሁ። በአሜሪካ አንድ አረጋዊ ምግቡን፥ አልጋውንና ረዳቱን አግኝቶ በሚጦርበት ቤት ለመኖር በ2024 መካከለኛው ዋጋ በዓመት 70,000 ዶላር ያህል ነበር። በመርከብ የሚኖር ሰው ግን መስኮት የሌላትን የውስጥ ካቢን ከመረጠ፥ ገበያው በሚቀዘቅዝበት ወራት ከገዛ፥ ከማያሚ ወይም ከጋልቬስተን ተነሥተው የካሪቢያንን ባሕር ዞረው የሚመለሱትን ጉዞዎች አንዱን ከአንዱ ካያያዘ፥ በጸደይና በመከርም መርከቦቹ ከአንዱ ውቅያኖስ ወደ ሌላው ሲዛወሩ በርካሽ የሚሸጠውን ትኬት ከጠበቀ፥ ከዚያ ዋጋ እጅግ ባነሰ ሊያድር ይችላል። ደንበኝነቱ በቈየ ቍጥር ኩባንያው ቅናሽ ይጨምርለታል። ለሠራተኞቹ የሚታሰበው ጉርሻ በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር ገደማ ነው። ብቻውን የሚተኛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ሰው ዋጋ ይከፍላል፤ ወዳጄ ይህንንም አልረሳውም፥ በቀይ ቀለም ጽፎታል። ደብዳቤውም የሚቀበልለት አለ፤ ፍሎሪዳና ደቡብ ዳኮታ የገቢ ግብር የሌለባቸው ክፍለ ሀገሮች ስለ ሆኑ፥ ባሕር ላይ የሚኖሩ ሰዎች እዚያ የፖስታ አድራሻ ተከራይተው «ነዋሪ» ይባላሉ።

ይህም የስንፍና ወሬ አይደለም። በ2004 ሁለት የቺካጎ ሐኪሞች በአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ ጽፈው፥ አንድ አረጋዊ ሃያ ዓመት በሽርሽር መርከብ ቢኖር 230,497 ዶላር፥ ሃያ ዓመት በመጦሪያ ቤት ቢኖር ደግሞ 228,075 ዶላር እንደሚፈጅ አስልተው ነበር። ልዩነቱ ከሦስት ሺህ ዶላር በታች ነው። በአንደኛው ወገን ሾርባና ረጅም ኮሪደር፥ በሌላው ወገን ሙዚቃ፥ ሐኪምና ፀሐይ። ስለዚህ ወዳጄ መደመር አልሳተም። እኔም ከመደመሩ ጋር ጠብ የለኝም።

ጠቤ ደብተሩ ውስጥ ካልገባው ጋር ነው።

ከቀላሉ ልጀምር። ቤት ማለት ባለዕዳው ሌላ ሰው ቢሆን በአንድ ሌሊት ከሥርህ የማይሄድ ነገር ነው። በጥር 2022 ክሪስታል ሲምፎኒ የተባለች መርከብ ወደ ማያሚ እየሄደች ሳለ፥ የነዳጅ ዕዳ ስላልተከፈለባት አንድ የአሜሪካ ፍርድ ቤት እንድትያዝ አዘዘ፤ እርሷም ወደቡን ትታ ቢሚኒ ወደምትባለው የባሃማስ ደሴት ዞረች። በ2023 ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ ዓለምን የሚያዞር ጉዞ፥ በዓመት ከ30,000 ዶላር ጀምሮ፥ ተብሎ ተሸጠ። ሰዎች ቤታቸውን ሸጡ፥ አከራዩ፥ ዕቃቸውን አከፋፈሉ፤ በኅዳር ወር መርከብ አልተገኘምና ጉዞው ቀርቷል ተባሉ። በሚቀጥለው ዓመት በ2024 ሌላ የመኖሪያ መርከብ፥ በ1993 የተሠራች፥ ከቤልፋስት በግንቦት ትነሣለች ተብላ በጥገና ምክንያት እስከ መስከረም መጨረሻ ድረስ እዚያው ቆመች። ነዋሪዎቿ አራት ወር ሙሉ በሰሜን አየርላንድ ዝናብ ሲመላለሱ ከረሙ። ይህን ለወዳጄ ብነግረው፥ «እኔ የምሄደው በትልልቆቹ ነው» አለኝ። እሺ፥ ይሁን።

ሁለተኛው ነገር ሕመም ነው። ሜዲኬር የተባለው የአሜሪካ የአረጋውያን የሕክምና ዋስትና፥ መርከቧ ከአሜሪካ ወደብ ከስድስት ሰዓት መንገድ በላይ ከራቀች፥ በመርከብ ላይ ለተደረገ ሕክምና አይከፍልም። ሃያ ሰባት ዓመት ከደመወዙ የተቈረጠበትን መብት ይህ ሰው በስድስት ሰዓት የባሕር መንገድ ጥሎት ሊሄድ ነው! በ2020 የሆነውንም የምታስታውሱት ታስታውሳላችሁ። በየካቲት ዳይመንድ ፕሪንሰስ የተባለችው መርከብ 3,711 ሰው ይዛ በዮኮሃማ ወደብ ተዘግታ ቆየች፤ ከእነዚያም ከሰባት መቶ የሚበልጡት በኮሮና ታመሙ። ዌስተርዳም የተባለችውን ደግሞ አምስት አገሮችና ግዛቶች በየተራ «ወደዚህ አትምጪ» ካሏት በኋላ የተቀበለቻት ካምቦዲያ ነበረች። ዓለም በሯን በምትዘጋበት ቀን ሁሉም ሰው ወደ ቤቱ ይሮጣል፤ ቤቱ መርከብ የሆነ ሰው ወዴት ይሮጥ?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሹክ ልበላችሁ። ይህ «ነጻነት» የሚባለው ነገር የሚሠራው የአሜሪካን ወይም የአውሮፓን ፓስፖርት በኪሱ ለያዘ ነው። የኢትዮጵያን ፓስፖርት የያዘ ሰው በየወደቡ ስንት ኤምባሲ ደጅ እንደሚጠና የምታውቁት ናችሁ። ወዳጄ ዜግነቱን ከለወጠ ቈይቷልና ይህ አይነካውም። ስልካችሁ ላይ የሚያባብሏችሁ ሰዎች ግን ይህን አይነግሯችሁም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ለምን ረከሰ?

ከአራት ዓመት በፊት ልጆቼ ገንዘብ አዋጥተው ከባልቲሞር የሚነሣ የሰባት ሌሊት ጉዞ ሰጡኝ። እውነቱን ልናገር፥ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም። ካቢኔን የሚያጸዳው ሰው በመጀመሪያው ቀን ስሜን አጥንቶ በኮሪደሩ በስሜ ጠራኝ። ሃያ ዓመት የኖርሁበት ሰፈር የግራ ጎረቤቴ እስከ ዛሬ ስሜን አስተካክሎ አይጠራም። ሰውዬው ከኢንዶኔዢያ ነው፤ የስምንት ወር ውል ገብቶ ስድስተኛ ወሩን ይዟል። ጧት ካቢኔን ያሰናዳል፥ ማታ ደግሞ አልጋዬን ይገልጣል፥ ፎጣውን ጠምዝዞ የዝሆን መልክ ያወጣለታል። ዕረፍት የሚባል ቀን የለውም። ለመርከበኞች ጥበቃ ተብሎ በ2006 ጄኔቭ ላይ የተደነገገው ዓለም አቀፍ ስምምነት ራሱ በሳምንት እስከ 72 ሰዓት ማሠራትን ይፈቅዳል። ይህም ጥበቃው ነው።

በአራተኛው ቀን «አገርህ ምን ትሠራለህ?» ብዬ ብጠይቀው፥ «ቤት እየሠራሁ ነው» አለኝ። «ባለፈው ውል ግድግዳውን አቆምሁ፤ በዚህኛው ጣራውን አለብሳለሁ፤ የሚቀጥለው ለበርና ለመስኮት ነው።» ሚስቱና ሁለት ልጆቹ ግድግዳው ከቆመ ጀምሮ በላስቲክ ሥር ገብተውበታል።

«አንተስ ስንት ሌሊት አድረህበታል?» አልሁት።

አሰበና፥ «ገና» አለኝ።

ይህ ሰው የአሜሪካን ዝቅተኛ ደመወዝ የማያገኘው ለምን ይመስላችኋል? መርከቢቱ ከአሜሪካ ተነሥታ፥ አሜሪካኖችን ይዛ፥ ወደ አሜሪካ የምትመለስ ናት፤ ባንዲራዋ ግን የአሜሪካ አይደለም። የባሃማስን፥ የፓናማን፥ የቤርሙዳን ባንዲራ ያውለበልባሉ፤ የአሜሪካ የደመወዝ ሕግም በውጭ ባንዲራ ሥር ባለ መርከብ ላይ ያለውን መርከበኛ አይመለከትም። ሮያል ካሪቢያን የተባለው ታላቅ ኩባንያ መሥሪያ ቤቱ ማያሚ ነው፤ በሕግ የተቋቋመው ግን በላይቤሪያ ነው። አንድ አገር ለሌላ አገር ሀብታም ባንዲራውን ያከራያል፥ ድሀ አገር ደግሞ ልጆቹን ይልካል፤ በመካከል ያለው ትርፍ ማያሚ ይወርዳል፥ ፍርፋሪውም «ርካሽ ትኬት» ተብሎ ለወዳጄ ይደርሰዋል። በ2020 የጸደይ ወራት መንገደኞቹ ሁሉ ወደየቤታቸው ከተመለሱ በኋላ፥ በአሥር ሺህዎች የሚቈጠሩ የመርከብ ሠራተኞች ለብዙ ሳምንታት፥ አንዳንዶቹም ለወራት፥ በመርከቦቹ ውስጥ ተዘግተው ቀርተው ነበር። የሚያወርዳቸው ወደብ፥ የሚያሳፍራቸው አውሮፕላን ታጣ።

እኔ ለሰባት ቀን ሄጄ ተንሸራሽሬያለሁና ንጹሕ ነኝ አልልም። ደግሞም ሰውዬው ሥራውን ባያገኝ ግድግዳው አይቆምም ነበር፤ ይህን የሚሉ አሉ፥ ልክም ናቸው። ሰባት ቀን በሰው ድካም መደሰት አንድ ነገር ነው። ግን የራሱን ቤት ሸጦ፥ በራሱ ቤት አድሮ የማያውቅ ሰው በሚያነጥፍለት አልጋ ላይ ዕድሜውን ሙሉ ለመተኛት መወሰን፥ ይህንንም «ብልህነት» ብሎ መጥራት ሌላ ነገር ነው። ወዳጄ በመኪና ማቆሚያ ውስጥ በብርድ ቆሞ የሌላውን ሰው ቁልፍ ሲቀበል ሃያ ሰባት ዓመት ኖሯል። ከሌላው ሁሉ ይልቅ ይህን ማወቅ የሚገባው እርሱ ነበር። ይህንኑ ፊት ለፊት ነገርሁት፤ ፊቱ ጠቈረ እንጂ አልመለሰልኝም።

በዚያች መርከብ ላይ ሌላም ሰው አየሁ። በመጨረሻው ቀን ማለዳ ሁላችንም ሻንጣችንን እየጎተትን ስንወርድ፥ አንዲት ነጭ ጸጉር ያላት አሜሪካዊት ሴት አዳራሹ ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣ አየኋት። ሻንጣ የላትም። «አይወርዱም?» ብላት፥ እርሷ በመርከቢቱ የምትኖር መሆኗን፥ በሳምንቱም በሳምንቱም ጉዞዋን እያያያዘች ዓመት ሊሞላት መሆኑን ነገረችኝ። መንገደኛው ሁሉ ወርዶ እስኪያልቅ ትጠብቃለች፤ የጉምሩኩ ሥርዓት መርከቢቱ ባዶ መሆኗን ስለሚሻ እርሷም በመጨረሻ ትወጣለች፥ ፓስፖርቷን አሳይታ ተመልሳ ትገባለች። እንግዲህ አስቡት፤ በየሳምንቱ ከገዛ ቤቱ ወጥቶ፥ በሰልፍ ቆሞ፥ ወረቀት አሳይቶ የሚገባ ባለቤት! (ሌላም አስቂኝ ሕግ አለ። በ1886 የወጣ አንድ የአሜሪካ ሕግ የውጭ ባንዲራ ያለው መርከብ መንገደኛን ከአንዱ የአሜሪካ ወደብ ወደ ሌላው እንዳያጓጉዝ ይከለክላል፤ ስለዚህ ጉዞ የሚያያይዝ ሰው ሳያውቅ ሁለቱን ጉዞ ካገጣጠመ ሕገ ወጥ ጭነት ይሆናል።)

ስንለያይ እጇን አነሣችና «በሰላም ወደ ቤታችሁ ግቡ» አለችን። በዚያ ሰዓት ምን እንደ መለስሁላት አላስታውስም።

በእኛ አገር እንግዳ ደጅ ሲደርስ ተነሥተን «ቤት ለእንግዳ» እንላለን። ይህች ቃል የጌትነት ቃል ናት። የሚናገራት ጎጆው የፈረሰች፥ ሌማቱ የጎደለ ሰው እንኳ ቢሆን፥ በተናገረበት ሰዓት ባለቤት ነው፤ የሚሰጠው ነገር አለውና። በመርከብ የሚኖር ሰው ግን ዕድሜውን ሙሉ ይህችን ቃል የሚናገርላት ሰው አያገኝም። እርሱ ሁልጊዜ እንግዳ ነው። ይበላል እንጂ አያበላም፤ ይነጠፍለታል እንጂ አያነጥፍም። በሳምንቱ ወዳጅ ያገኛል፥ በሳምንቱ ወዳጁ ሻንጣውን ይዞ ይወርዳል፥ በምትኩም ሦስት ሺህ አዲስ ሰው ይገባል። የሚያበድረው ጨው፥ የሚጠብቅለት ልጅ፥ የሚገላግለው ጠብ የለም። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ያሉት አባቶቻችን ጎረቤት በየቅዳሜው ይለወጣል ብለው አላሰቡም።

ይህን ሁሉ ለወዳጄ ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያም የመለሰልኝን መልስ ሳላቀልል ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ከነገረኝ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ነሥቶኛል።

«ጎረቤት አልህ» አለኝ። «ባለቤቴ የሞተች ጊዜ ቤቴ አርባ ቀን ሙሉ ሰው ነበረበት። አልክድም። ከአርባው በኋላ ግን ደጄን ያንኳኳው ማን ነው? ልጆቼ በእሑድ እሑድ ይደውላሉ፤ አሥር ደቂቃ። አንተ ከእኔ ቤት በመኪና አሥራ አንድ ደቂቃ ነህ፤ ለመጨረሻ ጊዜ የመጣኸው መቼ ነው? አንተ ያ ኢንዶኔዢያዊ ስምህን ስለ ጠራህ ሁለት ቀን ደስ አለህ። እኔ ለገንዘብም ቢሆን በየጧቱ ስሜን የሚጠራኝ ሰው ልግዛ ብል ምን አጠፋሁ?»

ቈጠርሁ። አምስት ወር ሆኖኝ ነበር።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፥ ተሟጋች ሲረታ ማፈር አለበትና አፍሬያለሁ። ነገር ግን የእኔ ማፈር መርከቢቱን ቤት አያደርጋትም። ይልቁንስ ያስተዋልሁት ይህን ነው፤ እነዚያ ኩባንያዎች ምግብና አልጋ ብቻ አይሸጡም። እኛ በነጻ መስጠቱን የተውነውን ነገር፥ በስም መጠራትን፥ «እንዴት አደርህ» መባልን፥ በገበታ ላይ ቦታ መያዝን፥ ከሩቅ አገር ሰው ቀጥረው መልሰው ይሸጡልናል። የሚሸጠውም ሰው ለገዛ ልጆቹ ሊሰጠው የሚገባውን ቀንሶ ነው። ወዳጄን በር ዘግተን ያባረርነው እኛ ነን፤ እርሱም በሄደበት የሌላ ሰው ቤት በር ተዘግቶ ይቈያል። በዚህ ሒሳብ አንድም ሰው ሲያተርፍ አላየሁም፥ ከማያሚ በቀር።

ለዚህ ነው ወዳጄን «አትሂድ» ለማለት አፍ ያጣሁት። «እኔ ቤት ግባ» አልሁት፤ ሳቀብኝ። ምድር ቤቱን ለልጄ እንዳከራየሁት ያውቃል። በየረቡዑ ማታ እመጣለሁ አልሁት፤ «ሦስት ረቡዕ ትመጣለህ» አለኝ። ሁለቱን መጥቻለሁ። በሁለተኛው ረቡዕ የሽያጩ ምልክት ደጁ ላይ ተተክሎ አገኘሁት።

ያን ማታ እራት ከበላን በኋላ ከመሳቢያው አንድ ፖስታ አወጣና እጄ ላይ አኖረ። እዚህ አገር ያለንን ዕድር የመሠረትነው ሁለታችን ነን፤ ከአባል ቤት ኀዘን ሲደርስ የቀረ ሰው ቅጣት ይከፍላል።

«ይኸ የዕድሬ ነው፤ አንተ እየወሰድህ ክፈልልኝ» አለኝ። «ለቀብር መምጣት ስለማልችል ቅጣቱንም አብሬ አስገብቼበታለሁ፤ ቍጠረው።»

ቈጠርሁት። የአሥራ ሁለት ወር መዋጮና የስድስት ቀብር ቅጣት ነበር።

«ስድስት ሰው እንደሚሞት በምን አወቅህ?» አልሁት።

«ካለፈው ዓመት ወስጄ ነው» አለኝ።